ከአይፖድ ሌላ የሙዚቃ ማጫወቻ ስትገዙ

[ምስል፦ ደሴ ፒያሳ፣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ መደርደሪያ]

አፕል አይፖድን እንደ ፈረንጆቹ በ2001 አወጣ፣ በ2022 ማምረቱን አቆመ። ዛሬ የሚገኘው ባብዛኛው ያገለገለና ባትሪው የደከመ ነው። የሚሞሪ ማስገቢያም የለውም፤ ሙዚቃ ቤት ወስዳችሁ ፋይል ብታስቀዱበት እንኳ አይቲዩንስን በመሰለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በኩል ካልገባ አይጫወትም። ለደሴና ለኮምቦልቻ አድማጭ፣ እንደ ፍላሽ ተሰክቶ የሚጫንበት፣ ሚሞሪ የሚቀበል ማጫወቻ ይሻላል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ተዉትና የራሳችሁን ሚሞሪ ይዛችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩ። ሚሞሪው ላይ በአማርኛ የተሰየመ ዘፈን፣ አንድ ሰዓት የሚሄድ መንዙማ፣ ከ01 እስከ 10 ቁጥር የተሰጣቸው ዘፈኖች ያሉበት ፎልደር ይኑር።

[ምስል፦ ስክሪኑ ላይ በአማርኛ ስም ፋንታ ባዶ ሳጥኖች]

ብዙ ርካሽ ማጫወቻዎች የግዕዝ ፊደል ስለሌላቸው ስሙን በሳጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ይተኩታል። ዘፈኑ ግን ይጫወታል። የፋይሉን ስም በላቲን ፊደል ጻፉት። ሳጥኑ ያኔም ካልጠፋ ማጫወቻው የሚያነበው ፋይሉ ውስጥ ያለውን ታግ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ገብታችሁ ታይትልና አርቲስት የሚሉትን አስተካክሉ።

መንዙማውን ሃያኛው ደቂቃ ላይ አድርሳችሁ አጥፉትና መልሳችሁ አብሩት። ካቆመበት ካልቀጠለ ለመንዙማ፣ ለስብከት፣ ለትረካ የሚሆን ዕቃ አይደለም። ወሎ ውስጥ ይህ ከድምፅ ጥራት ይበልጣል ብለን እናምናለን።

ከፎልደሩ 01 ቀድሞ ካልመጣ፣ ማጫወቻው ፋይሎቹን የሚደረድረው ወደ ሚሞሪው በገቡበት ተራ ነው። ብዙ ፋይል አንድ ላይ መርጦ ሲቀዳ ተራው ሊዛባ ይችላል። አዲስ ፎልደር ከፍታችሁ አንድ በአንድ ቅዱ።

[ምስል፦ 32 እና 64 ጂቢ ሚሞሪ ጎን ለጎን]

ስንት ጂቢ ይበቃል? በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ ትሪ በሰዓት 58 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። 32 ጂቢ ከ500 ሰዓት በላይ ይይዛል ማለት ነው። 64 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከፋብሪካ የሚወጡት ኤክስፋት በሚባል የፋይል አያያዝ ፎርማት ተደርገው ነው፤ ፋት 32 የሚባለውን የቆየ አያያዝ ብቻ የሚያውቅ ማጫወቻ ምንም እንዳልገባበት ይቆጥራቸዋል። ሚሞሪው ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት። በፋት 32 ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ ይነበባል፤ ግን ፎርማት የውስጡን ሁሉ ስለሚያጠፋ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡት።

ፌክ ሚሞሪ 64 ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 8 ሊሆን ይችላል። ትርፉ ሲጻፍበት ይጠፋል፣ ወይም ቀድሞ የገባውን ይደመስሳል። እስኪሞላ ቅዱበትና መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ የገቡትን አጫውቱ፤ አልከፈት ያለ ካለ መልሱት።

ፍላክ የሚባለው፣ ድምፁን ሳይቀንስ የሚጨምቅ ፋይል የሚጠቅመው ከሲዲ ወይም ከስቱዲዮ ቅጂ በቀጥታ ሲሠራ ነው። 128 ኤምፒ ትሪን ወደ ፍላክ መቀየር ቦታ ከመብላት በቀር የጠፋውን ድምፅ አይመልስም።

[ምስል፦ ሁለት ዓይነት የቻርጀር ኬብል]

ታይፕ ሲ ያለው ርካሽ ማጫወቻ፣ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ኬብል ቻርጅ አልቀበል ሊል ይችላል። ቻርጀሩ ኃይል የሚለቀው ከወዲያኛው ጫፍ 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ሲያገኝ ነው፤ አንዳንድ አምራቾች ይህን አይገጥሙትም። በአንድ ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ ያለበት ኬብል ችግሩን ይፈታዋል።

ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ብላ ትሞቃለች፤ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ አትተዉት። ጀርባው ካበጠ ወይም ስክሪኑ ከፍሬሙ ከተነሳ ቻርጅ ማድረግ አቁሙ፣ ባትሪውንም አትጫኑት፣ አትብሱት።