ክራሩን ከሩቅ እንዲታይ እናድርግ፦ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ለጅማ መድረክ

(በጅማ ለሙዚቀኞች፣ ለቴክኖሎጂ ተማሪዎችና ለባህል ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ሙዚቀኞችና የግጥም ደራሲዎች፣ የቴክኖሎጂ ተማሪዎች፣ የባህልና የቱሪዝም ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ጥሪውን አክብራችሁ የመጣችሁ የጅማ ነዋሪዎች፤ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አካም ጅርቱ!

ከሚክሰር ጀርባ ቆሜ የኖርኩ የድምፅ ሰው ነኝ። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቴክኖሎጂ ብናገርም ነገሩን የማየው ከሙዚቃው ወገን ሆኜ ነው።

ኦግመንትድ ሪያሊቲ፣ በአጭሩ ኤአር የምንለው፣ በስልክ ካሜራ ወይም በልዩ መነጽር ስናይ ባለንበት ቦታ ላይ በኮምፒውተር የተሠራ ምስል ወይም ጽሑፍ ጨምሮ የሚያሳየን ቴክኖሎጂ ነው። ቨርቹዋል ሪያሊቲ ዓይንን ጋርዶ ወደ ሌላ ዓለም ይወስዳል። ኤአር ግን ካለንበት አያነሳንም፤ አዳራሹም፣ ዘፋኙም፣ አጠገባችን የቆመው ጓደኛችንም እዚያው አሉ። ሰው ኮንሰርት የሚሄደው ከሰው ጋር ሆኖ ሊሰማ ስለሆነ፣ ለላይቭ ሙዚቃ የሚበጀው ይኸኛው ነው እላለሁ።

አቋሜን ከወዲሁ ላስቀምጥ። ይህ ቴክኖሎጂ መድረካችን ላይ መውጣት ያለበት ታዳሚው ከሙዚቀኛው ያመለጠውን ነገር የሚያሳየው ከሆነ ነው። ርችት ለመተኮስና ዘንዶ ለማብረር ብቻ ከሆነ ይቅርብን።

ዘንዶ ያልኩት እንዲሁ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ቤጂንግ በሚገኘው የወፍ ጎጆ ስታዲየም የሊግ ኦፍ ሌጀንድስ የኮምፒውተር ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ሲከፈት፣ ከሙዚቃው ጋር አንድ ግዙፍ ዘንዶ በስታዲየሙ ላይ ሲበር ታየ። በሥርጭት የተከታተለው ሁሉ ጉድ አለ። እዚያው ስታዲየም ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ግን ሰማዩ ባዶ ነበር፤ ዘንዶውን ለማየት ወደ ትልልቆቹ ስክሪኖች መዞር ነበረበት። በ2022 በአሜሪካው የኮቼላ ፌስቲቫል አውስትራሊያዊው ሙዚቀኛ ፍሉም ሲጫወትም እንዲሁ ሆነ። የተጨመሩት ምስሎች በዩቲዩብ ለሚከታተለው ታዩ፤ ትኬት ቆርጦ በረሃው ድረስ የሄደው ሰው አላያቸውም። ቤቱ ለተቀመጠው ተመልካች ይህ ደስ የሚል ሥራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መድረኩ ፊት የቆመውን ሰው የሚዘነጋ ከሆነ የላይቭ ሙዚቃን ችግር አልፈታም።

ወደ እኔ ሐሳብ የሚቀርበው ጎሪላዝ የሠሩት ነው። በታኅሣሥ ወር 2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር፣ በማግስቱ ደግሞ በለንደን ፒካዲሊ ሰርከስ፣ ሰው አፕሊኬሽኑን አውርዶ አደባባይ ወጣ፤ ስልኩንም ቀና ሲያደርግ የባንዱ አባላት ከሕንፃዎቹ መካከል ገዝፈው ሲጫወቱ አየ። ጎሪላዝ ከጥንቱም በካርቱን ገጸ ባሕርያት የሚታወቅ ባንድ ስለሆነ ነገሩ ያምርባቸዋል። እኔን የሳበኝ ግን ሰው ወደ አንድ ቦታ መምጣቱና ምስሉ ከቦታው ጋር መተሳሰሩ ነው።

ስልኩ ምስሉ የት መቆም እንዳለበት እንዴት አወቀ? ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም፤ ስህተቱ በሜትሮች የሚቆጠር ስለሆነ ምስሉን ከመድረኩ አውጥቶ መንገድ ላይ ሊጥለው ይችላል። የተጠቀሙት ጎግል ለስትሪት ቪው ካነሳቸው ፎቶግራፎች ጋር የስልኩን እይታ የሚያመሳክር አገልግሎት ነው። ጎግል መንገዱን ፎቶ ባላነሳበት ቦታ ይህ ዘዴ አይሠራም። እኛም ያንን ስንጠብቅ መኖር የለብንም፤ ሌላው መንገድ ክፍት ነው። ስልክ በካሜራው የግድግዳ ጥግ፣ የጠረጴዛ ጠርዝ፣ የጥለት መጋጠሚያ የመሳሰሉ ጎላ ያሉ ነጥቦችን ይለቅማል፤ ከዚያም በውስጡ ያሉት የእንቅስቃሴ መለኪያዎች ከሚነግሩት ጋር አያይዞ የት እንደቆመና ወዴት እንደዞረ ያሰላል። አፕል በኤአርኪት፣ ጎግል በኤአርኮር ከ2017 ጀምሮ ይህንን ችሎታ በተራ ስማርት ስልክ ላይ አምጥተውታል። አዳራሹን ቀን በብርሃን በስልክ ዞሮ ዞሮ መቅረጽ፣ ማታም ስልኩ ያንኑ ቅርጽ እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል።

ማታ ስል ግን አንድ ነገር አለ። የኮንሰርት አዳራሽ ለዚህ ቴክኖሎጂ በጣም አስቸጋሪ ቦታ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ይበራል፣ ቀለም ይቀያይራል፣ የጭስ ማሽኑ ይለቀቃል፣ ሰው ይዘላል፤ ስልኩ የለቀማቸው ነጥቦች ሁሉ ከዓይኑ ይጠፋሉ። ከዘፋኙ ራስ በላይ መቆም የነበረበት ጽሑፍ ቀስ እያለ ወደ ድራመሩ ይንሸራተታል። መፍትሔው መድረኩ ሲሠራ አብሮ መታሰብ አለበት፦ በመድረኩ ግራና ቀኝ፣ ብርሃናቸው የማይለዋወጥ፣ ጥለት ያለባቸው ሁለት ሰሌዳዎች ማቆም። ጥለቱን የእኛው አናጺዎች ይቅረጹት። የጅማ እንጨት ጠራቢ የበርጩማ እግር ሲያስጌጥ የሚያወጣው ዓይነት፣ የማይደጋገምና ጥቁርና ነጩ የጎላ ቅርጽ ካሜራ በቀላሉ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከመድረኩ 100 ሜትር ርቆ ስታዲየም ውስጥ የቆመ ሰው የከበሮውን ምት የሚሰማው 0.29 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት ግማሽ ሰከንድ ስለሆነ፣ ይህ መዘግየት ከግማሽ ምት ይበልጣል። አስቡት፤ አፕሊኬሽኑ ከኔትወርክ ትእዛዝ ተቀብሎ ብልጭታውን ለሁሉም እኩል ቢያሳይ፣ ፊት ያለው ልክ ይሆንለታል፣ ኋላ ያለው ግን ምቱን ሳይሰማ ብልጭታውን ያያል። መሀል ላይ የምንተክላቸው ዲሌይ ስፒከሮችም ከዋናው ድምፅ ጋር እንዲገጥሙ ተደርገው ስለሚዘገዩ ይህንን አያስቀሩትም። ስለዚህ ስልኩ ራሱ ይስማ። ማይክሮፎኑ ምቱ ሲደርሰው ምስሉን ይልቀቅ፤ ካልሆነም የቆመበትን ርቀት አስልቶ ይጠብቅ። አፕሊኬሽን የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ከውበቱ በፊት ይህንን አስተካክሉልኝ። ከምት የወጣ ምስል ታዳሚውን ከዘፈኑ ያወጣዋል።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ባንዶቻችን ናቸው። ውጭ አገር ብዙው ትልቅ ኮንሰርት በክሊክ ይሄዳል፤ ሙዚቀኛው በጆሮው የሚቆጥርለትን ምት ይከተላል፣ መብራቱም ምስሉም ከዚያው ጋር በታይምኮድ፣ ማለትም ሰዓቱን በሚቆጥር ምልክት፣ ታስሮ ይነዳል። የእኛ ላይቭ ግን ሕያው ነው። እስክስታው ሲሞቅ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ዘፋኙ ሕዝቡን አይቶ አዝማቹን ይደግማል፣ ማሲንቆው ይቀጥልና ግጥም እዚያው ይፈጠራል። ይህንን ለቴክኖሎጂ ብለን በክሊክ ማሰር ኪሳራ ነው። ኦፔራ ቤቶች ከመድረኩ በላይ ትርጉም ሲያሳዩ እንደሚያደርጉት፣ ዘፈኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ አንድ ሰው ሚክሰሩ አጠገብ ይቀመጥና እየሰማ ቁልፍ ይጫን። ይህ ሰው የባንዱ አባል ነው። ልምምድ ይምጣ፣ ሳውንድ ቼክ ላይ ይገኝ፣ ክፍያውም እንደ ሙዚቀኛ ይሁን።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ድካም ምን ለማሳየት ነው?

ክራሩን ውሰዱ። ክራር በግርፍ ሲመታ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በሙሉ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዲሰሙ የማይፈለጉትን ከኋላ ይዘው ያፍናሉ። ዜማው የሚወጣው ከተለቀቀው አውታር ነው። የዚህ መሣሪያ ምሥጢር ያለው በዚያ ግራ እጅ ውስጥ ነው፤ ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ግን ማንም አያየውም፣ መሣሪያው ራሱ ይጋርደዋልና። እንግዲህ ታዳሚው ስልኩን ሲያነሳ ከክራረኛው በላይ ስድስት የብርሃን መስመሮች ተዘርግተው፣ የታፈነው ደብዝዞ፣ የተለቀቀው ሲርገበገብ ቢያይስ? ቅኝቱ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲዞር የመስመሮቹ ቀለም ቢለወጥ? አሥር ዓመት የሆነው ልጅ ቤቱ ሄዶ ክራር ግዙልኝ ይላል። እኔ የምመኘው ውጤት ይህ ነው።

ቴክኖሎጂውንና ባህላዊ መሣሪያውን ማገናኘት ደግሞ ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ኋላም ቦስተን በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምረው ቫይብራፎን የተባለውን በመዶሻ የሚመታ የብረት መሣሪያ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ጋር አስማሙ። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በራድክሊፍ ተቋም በቆዩበት ጊዜ የአገራችንን የሙዚቃ መሣሪያዎች በማዘመን ላይ ሠርተዋል፤ በኤምአይቲም ክራርን ለማዘመን በተደረገው ጥረት ተሳትፈዋል። ክራሩ ሳይጠፋ ወሰኑ እንዲሰፋ የለፉ ሰው ናቸው። የምንከተለው እሳቸው የጀመሩትን መንገድ ነው።

ሁለተኛው ምኞቴ ቋንቋ ነው። የሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው ጅማ ስንት ቋንቋ እንደሚነገርባት በጆሮው ያውቃል፦ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ፣ ከፍኛ፣ ዳውርኛ፣ የምኛ፣ ሌላም ሌላም። አንድ መድረክ ላይ ግን አንዱ ሲዘፍን ግማሹ ሕዝብ በዜማው ብቻ ይደሰታል፤ ግጥሙ ያልፈዋል። ስንኙ በታዳሚው በራሱ ቋንቋ ከዘፋኙ ጎን ቢጻፍ፣ ሰው ጎረቤቱ ምን ብሎ እንደሚያዝንና ምን ብሎ እንደሚያፈቅር ይረዳል። ትርጉሙን ለማሽን አንተወው፤ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ገጣሚ ይሥራው። መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችንም ይኸው ጽሑፍ፣ ከምቱ ጋር ከሚንቀጠቀጥ ስልክ ጋር ተዳምሮ፣ እስከ ዛሬ ዳር ቆመው ያዩትን መድረክ ይከፍትላቸዋል። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ብቻ እንድንሠራ ብንገደድ ይህንን እመርጣለሁ።

ቦታን በተመለከተ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከዓይኔ አይጠፋም። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የተሠራ፣ እንጨቱ የሚያምር ቅርስ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ላይ ሚስማር አይመታም፣ ከባድ መብራት አይሰቀልም። ኤአር ደግሞ ምንም ነገር አይሰቅልም፤ የምናሳየው ሁሉ ያለው ስልኩ ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ ጥቂት ሰው፣ ያለ ትልልቅ ስፒከር፣ አንድ ክራር ወይም ከሸምበቆ የተሠራ ዋሽንት ይዞ ቢሰበሰብ፣ የበረንዳው የእንጨት ሥራ ከዜማው ጋር አብሮ ሲያብብ ማየት ይቻላል። ባስ የሚያርገፈግፍ ስፒከር እዚያ እንዳይገባ ግን አጥብቄ እለምናለሁ፤ ቤቱ ይጎዳል።

ወጪውን ላንሳ። አፕል ቪዥን ፕሮ በ2024 ሲወጣ ዋጋው 3,499 ዶላር ነበር፤ ስለዚህ መነጽሩን ለጊዜው እንርሳውና በኪሳችን ባለው ስልክ እንሥራ። ምስል የሚሠራበት ብሌንደር በነፃ ይገኛል፣ አፕሊኬሽን የሚገነባበት ዩኒቲም ለጀማሪ ክፍያ አይጠይቅም። ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ አፕሊኬሽኑና ምስሎቹ ሁሉ ቤት ሳሉ ይውረዱ፤ አዳራሹ ውስጥ የሚተላለፈው አጭር ትእዛዝ ብቻ ይሁን፣ እሱንም በራሳችን ዋይፋይ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ሜታ ስፓርክ የሚባለው የኤአር መሥሪያ በጥር ወር 2025 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ በዓለም ዙሪያ የብዙ ፈጣሪዎች ሥራ ከኢንስታግራምና ከፌስቡክ ላይ ወረደ። ስለዚህ የምትሠሩትን ቅርጽና ድምፅ ዋናውን ፋይል በእጃችሁ አስቀሩ። ከዋኙም፣ ማለትም ሥራውን የሚያቀርበው ሙዚቀኛ፣ መብት አለው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ነው። የሙዚቀኛን መልክና ድምፅ ወደ ምስል ከመለወጣችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። የሞቱ ዘፋኞችን በምስል አስነስቶ መድረክ ላይ ማቆምን እኔ አልደግፍም፤ ያልተጠየቁትን ሰው ማዘፈን ነውና።

ስልክ ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲቆይም አልፈልግም። ባትሪው ያልቃል፣ ስልኩ ይግላል፣ ክንድም ይዝላል፤ ዘፋኙም ከፊቱ ዓይን ሳይሆን የስልክ ጀርባ ያያል። በአንድ ምሽት ሁለት ወይም ሦስት ዘፈን ይመረጥ። ዘፋኙ ራሱ "አሁን አንሡ" ይበል፣ ሲበቃም "አውርዱ" ይበል። በቀረው ጊዜ እጃችን ለጭብጨባ ነፃ ይሁን።

የምጠይቃችሁ ይህንን ነው። ክራርና ማሲንቆ የምትጫወቱ፣ እጃችሁን በቅርብ እንድንቀርጽ አንድ ከሰዓት ስጡን። ገጣሚዎች፣ የራሳችሁን አንድ አንድ ግጥም ወደ ጎረቤት ቋንቋ ለመመለስ ከአጠገባችሁ ካለው ገጣሚ ጋር ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ተማሪዎች፣ የድምፁን መዘግየት የሚለካ ሙከራ ከሁሉ አስቀድማችሁ ሥሩ፤ የእኔ ስፒከርና ሚክሰር ለሙከራው ክፍት ናቸው። የባህል ባለሙያዎች ደግሞ ጅሬን ላይ ምን እንደሚፈቀድና ምን እንደማይፈቀድ አብራችሁን ተቀምጣችሁ ንገሩን። ስም መመዝገቢያው በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከቡናው በፊት እዚያ እንገናኝ።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ገለቶማ።