ጀባ (በአያታችን አርባ ላይ ያደረግኩት ንግግር)

አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ የሰፈራችን ዕድርተኞች፣ ከአጋሮ ከሊሙ ከአዲስ አበባ ድረስ የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ። ማይኩ ይሰማል አይደል? ከኋላ ያላችሁስ? እሺ። እኔ ንግግር አልችልም፣ ጽፌ ነው የመጣሁት። ማንበብ ካቃተኝ ወንድሜ ይጨርሰዋል ተባብለናል፣ እሱ ደግሞ ከኔ የባሰ አልቃሻ ነው፣ እንግዲህ እግዜር ያውቃል።

እናንተ በስሟ ወይ በልጇ ስም ነው የምትጠሯት፣ እኛ የልጅ ልጆች ግን አኮ ነው የምንላት። በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አባቷ ከጎጃም በቅሎ እየነዳ ለሂርማታ ገበያ የመጣ ነጋዴ፣ እሷ እንዴት አኮ ተባለች የሚል ካለ የጅማ ሰው አይደለም ማለት ነው። የጎረቤት ልጆች አያታቸውን አኮ ሲሉ ሰማን፣ እኛም አልን፣ በቃ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስገባ "አኮ ደወለች" ስላቸው ጓደኞቼ "እኮ ምን አለች?" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ዕድሜዋን በትክክል የሚያውቅ የለም። የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ ያለውን ዓመት "እሱ የጸሐፊው ዕድሜ ነው" ትላለች። የሷ ቁጥር ሌላ ነው፣ ጣሊያን ጅማ ሲገባ እናቴ አዝላኝ ነበር የሸሸችው ትላለች፣ እሱን ይዘን ስንቆጥር ዘጠና አካባቢ ነበረች። ሰባት ልጅ ወለደች፣ ሃያ ሦስት የልጅ ልጅ አየች፣ አባታችንን ጨምሮ ሁለቱን ልጆቿን ቀበረች። ስለሱ ዛሬ ብዙ አልልም፣ እሷም አትልም ነበር።

እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ እጇ ነው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያገባችሁ ሴቶች፣ አኮ የሰፋችው መሶብ ቤታችሁ የሌለ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ? ሦስት ብቻ። ሁለቱ ደግሞ ሙሽራ ናቸው፣ ተራቸው ደርሶ ነበር፣ አልሆነም።

ልጅ እያለሁ መስከረም ሲጠባ ከከተማ ወጥተን ስንደዶና አክርማ የምንለቅመው እኛ ነበርን፣ እጃችን እየተቆረጠ። ቀለሙን ከሂርማታ ገበያ በትንንሽ ጥቅል ትገዛና በአሮጌ ድስት ታፈላዋለች፣ አለላው አጥር ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ ግቢያችን ሰርግ ቤት ነው የሚመስለው። አንዴ እናቴ በዛ ድስት ሳታውቅ ሽሮ ሰርታ ሽሮው ሀምራዊ ወጣ፣ በልተነዋል። እኔም እጄ ቀይ ሆኖ ትምህርት ቤት ሄጄ መምህሩ አቁሞ ጠየቀኝ፣ ሂና ነው አልኩ፣ እሱም ተቆጣኝ።

ወስፌዋ ጸጉሯ ውስጥ ነው የሚኖረው። በቤት ውስጥ ወስፌ ጠፋ ብለን ግማሽ ቀን ፈልገን እራሷ ላይ ያገኘነው ስንቴ ነው። ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ አለቻት፣ ካንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ እሷ ላይ ቁጭ ብላ በረንዳው ላይ ከአጥር ማዶ ካሉት ጎረቤት እናታችን ጋር (እዚህ አሉ፣ እንዳይነሱ፣ ይቀመጡ እማማ) ሲሰፉ ይውላሉ። ሁለቱ አንድ መሶብ ካንድ ጎን ጀምረው ይጨርሱት ነበር፣ አንዷ ስትደክም ሌላዋ ትቀበላለች። ስፌቱን ካያችሁ ይለያል፣ የሳቸው ጥብቅ ነው፣ የአኮ ላላ ብሎ ቀለም ይበዛዋል። በረመዳን አኮ ቀን በረንዳ ላይ ቡና አታፈላም፣ "እሷ ጾማ እኔ ጭሱን ልልክባት?" ትላለች። በኛ ጾም ደግሞ እሳቸው ወጥ ሲሰሩ መስኮታቸውን ይዘጋሉ። ይሄን ማንም ሰው ስብሰባ ጠርቶ አላስተማራቸውም።

ጅማ ደግሞ ታውቃላችሁ ዝናብ ነው፣ ስፌት ይሻግታል። ፀሐይ ብልጭ ስትል "አውጡት!" ስትል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ከየቤቱ መሶብ ይወጣል። የሰው መሶብ ሻግቶ ስታይ ልጅ የታመመባት ነው የምትመስለው።

በ1967 የከተማ ቤት አዋጅ ሲታወጅ የምታከራያቸው ሁለት ክፍሎች ተወረሱ። መዝጋቢዎቹ ዕቃውን ሁሉ ሲጽፉ ወስፌዋን ጸጉሯ ውስጥ ይዛ ነበር አሉ፣ "ቤቱን ጻፉት፣ ይቺን ግን ማንም አላየብኝም" ትለን ነበር። ከዛ በኋላ ነው ሐሙስ ሐሙስ ሂርማታ ሰፌድና ሌማት እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገችው። መሶብ ግን አትሸጥም። "ሰፌድ ማንም ያበጥርበታል፣ መሶብ ግን የሚበላበትን ሰው ሳላውቅ አልሰፋም" ነው የምትለው። እኔ በኋላ ዘመን አንድ የሆቴል ባለቤት መጥቶ ሦስት ሺህ ብር ሲሰጣት አይቻለሁ፣ በዛ ጊዜ ብዙ ብር ነው። የት ልታደርገው ነው አለችው። "ሎቢ ላይ እሰቅለዋለሁ እማማ" አላት። ቡና አጠጣችውና ሸኘችው፣ መሶቡንም አልሰጠችውም።

ግጥሟንስ ረስቼ። ሰርግ ላይ አኮ ከበሮ ካነሳች ሚዜ ሁሉ ይሸማቀቃል። የአጎቴ ሰርግ ላይ

ሙሽራው መጣልሽ ከረባቱን አስሮ፣
ሚዜው መጣ ደግሞ ጫማ ተበድሮ

አለች። ለቀልድ ነው ያለችው፣ ሚዜው ግን እውነትም ጫማውን ተበድሮ ነበር! እስከዛሬ ማን እንደነገራት ይጠይቃል። እዛ ጥግ ቁጭ ብሏል፣ አትዩት።

ለቅሶ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ናት። አያታችን ወንዱ የቡና መኪና ሹፌር ነበር፣ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ያን የጊቤን ቁልቁለት ስንት ሺህ ጊዜ እንደወረደው እንጃ። የሞተ ቀን ሳጥኑ ሲወጣ አላለቀሰችም አሉ፣ ቆማ እንዲህ አለች፣

ጊቤን ስትሻገር ቡና ተሸክመህ፣
ምነው የዛሬውን ባዶ እጅህን ደፍረህ።

ከዛ በኋላ ነው ሰው ሁሉ የፈረሰው። ይሄን ግጥም የጻፈው የለም፣ አጎቴ በቃል ይዞት ነው የነገረኝ፣ ሌላው ብዙው ከሰሙት ሰዎች ጋር ሄዷል። ቴፕ እያለን ሳንቀዳት መቅረታችን ያንገበግበኛል፣ እውነቴን ነው።

ማንበብ የቻለችው አርባ ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀበሌ ማታ ማታ ተማረች፣ አስተማሪዋ የልጇ እኩያ ነበር። ፊደሉን ደብተር ላይ ከምትጽፍ ይልቅ ስፌት ላይ ታወጣዋለች። የመጀመሪያ የጻፈችው ቃል ስሟ መስሏችሁ ይሆናል፣ አይደለም። መሶብ ክዳን ላይ "ጀባ" ብላ ነው የሰፋችው። እንካችሁ፣ ብሉ፣ ጠጡ፣ ያው የኛ ሀገር ቃል። "ጀ"ዋ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራለች፣ አስተማሪው አስተካክይው ቢላት "ለሚበላው ሰው አይገድም" አለችው።

በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ሲበላ ጊዜም ትዝ ይለኛል፣ ኳስ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ከተማው ሲጮህ በረንዳ ላይ ወጥታ እልል አለች። "ማን አገባ?" አለችኝ። ጎል ነው አኮ ብላት "እኔ ሰርግ መስሎኝ" አለች።

አሁን የራሴን ልናዘዝ። የሰጠችኝን መሶብ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሜ ሳሎን ውስጥ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቅዬው ነበር፣ ፌስቡክ ላይ ሁሉ ፎቶውን ፖስት አድርጌዋለሁ። ለሕክምና ስትመጣ ገብታ አየችው። ምንም አላለችም። ማታ እኔ ሻይ ሳፈላ ወንበር ላይ ወጥታ፣ በዛ ዕድሜዋ፣ አውርዳው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ እንጀራ ጨምራበት ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። "ሚስማሩ የኮት ነው" አለችኝ። ይኸው ነው፣ ሌላ ንግግር የለም።

መጨረሻ ላይ የዓይን ሞራ ጋረዳት። ሐኪም ቤት አመላለስናት፣ ብዙም አልሆነላትም። ግን በዳበሳ መስፋቷን አላቆመችም፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አለላ አቀብላለሁ፣ አረንጓዴ ስትል አረንጓዴ፣ ቀይ ስትል ቀይ። አንድ ቀን ስልኬን እያየሁ አረንጓዴ ስትለኝ ቀይ ሰጠኋት፣ አንድ ዙር ሙሉ ሰፋችው። ሳይ ደነገጥኩ፣ ግን ዝም አልኩ፣ ማፍረስ ሰንፌ። ማዶ ያሉት እናታችን መጥተው አይተው ነገሯት። በእጇ ዙሩን ዳበሰችውና "ተይው፣ ይሄ የልጄ ስልክ ያመጣው ቀለም ነው" ብላ ሳቀች። እኔን ግን እስከዛሬ ያሳፍረኛል።

ይኸው መሶቡ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ዝግጁ ስናደርግ አንድ ዘመዴ በላስቲክ ጠቅልላ ሙዚየም እንስጠው ብላ ነበር፣ ለደግ ብላ ነው፣ አልቆጣሁም። ላስቲኩን ግን ጠዋት ቀድጄዋለሁ። ከታች ያቺን ቀይ ዙር ታዩታላችሁ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ያቺን የዞረች "ጀ"፣ ከድሮው ክዳን አውርዳ እንደገና ሰፍታት ነበር።

ውስጡ እንጀራ አለ፣ ትኩስ ነው፣ እናቶች ዛሬ ጠዋት ነው የጋገሩት። እማማ ከማዶ ያሉት ይጀምሩልን፣ ግማሹ ስፌት የሳቸው ነው። ሌሎቻችሁም ኑ ቅረቡ፣ ሳህን አትጠብቁ።

ጀባ።