ገነተ ልዑል፦ የቻንስለሩ ቤት

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፤

በስድስት ኪሎ ግቢ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት ሕንፃ የተሠራው ለመኖሪያ ነበር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ይባላል። የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ቻንስለሩ፣ ማለትም የበላይ ኃላፊው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ስለነበሩ፣ ቻንስለሩ ቤታቸውን ለተማሪዎቻቸው ለቀቁ ማለት ነው።

የለቀቁት ግን ደም የፈሰሰበትን ቤት ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በዚህ ግቢ ለድሆች ምጽዋት ሲያድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩበት። ፋሽስቶቹ በበቀል ሕዝቡን በየቤቱና በየመንገዱ ፈጁት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ደግሞ የክብር ዘበኛው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ፣ ታግተው የቆዩ ሹማምንት በዚሁ ቤት፣ በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ፤ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ዓመት ሲሞላው ዩኒቨርሲቲው ተመረቀ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያቆመኝ ከሕንፃው ፊት ለፊት ያለው ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው። እያንዳንዱን እርከን የሙሶሊኒን የሥልጣን ዘመን እንዲቆጥር አድርገው ወደ ሰማይ አቆሙት፤ ወደ የትም አያደርስም። ከነጻነት በኋላ ማፍረስ ይቻል ነበር። አልፈረሰም። አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፤ የፋሽስቱ ዘመን ቆጠራ የአንበሳው መቆሚያ ሆነ። በዚህች ከተማ ካሉ ሐውልቶች ሁሉ ይህን ያህል አጥንት የሚሰብር መልስ የሰጠ አላውቅም።

ከውስጥ፣ ፎቅ ላይ፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤት እንደነበሩ ተጠብቀዋል። ጎብኚ የብሔረሰቦችን የአኗኗር ትርኢት አይቶ ሲያበቃ ድንገት የአንድ ሰው አልጋ አጠገብ ይደርሳል። ይህን መደበላለቅ የሚነቅፉ አሉ፤ እኔ እወደዋለሁ። ቤቱ ሙዚየም ሲሆን ቤትነቱን አልተነጠቀም።

ስለዚህ ለአርክቴክቶችና ለጥገና ባለሙያዎች የምለው አለኝ። ግድግዳው በሚቀባበት፣ ወለሉ በሚታደስበት ጊዜ ሁሉ ከዘመኖቹ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አታጥፉ። የምትነኩትን ሁሉ አስቀድማችሁ ፎቶግራፍ አንሱት፣ ለኩት፣ መዝግቡት፤ መዝገቡንም ተማሪ ሊያነበው በሚችልበት ቦታ፣ በዚሁ ግቢ፣ አኑሩት።

አመሰግናለሁ።