ከባዶ ፋይል የሚነሳ ገጽ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ በተለይም የዌብ ሥራ መማር የጀመራችሁ ወጣቶች፣

ጀማሪ ምን ቢሠራ ይሻለዋል ተብዬ በተጠየቅሁ ቁጥር መልሴ አንድ ነው፤ የራሱን ጽሑፎች የሚያወጣበትን ብሎግ፣ ያለ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ሌሎች አስቀድመው ካዘጋጁት የኮድ ማዕቀፍ ውጭ፣ ያለ ተዘጋጀ ቴምፕሌትም፣ ከባዶ ፋይል ተነስቶ በገዛ እጁ ይሥራ። ከትምህርት ቪዲዮ እየተገለበጠ የሚሠራ መልመጃ ቪዲዮው ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ብሎግ ግን አዲስ ጽሑፍ በገባ ቁጥር ባለቤቱ ያላሰበውን ጥያቄ ይዞበት ይመጣል፤ መልሱንም የሚፈልገው ለፈተና ሳይሆን ለራሱ ገጽ ብሎ ነው።

የዌብ ገጾች የሚጻፉበት ቋንቋ ኤችቲኤምኤልም ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ሰርን በተባለው የአውሮፓ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል የዌብን ሐሳብ ሲያቀርቡ ያስጨነቃቸው ነገር በየቦታው የተበተነ መረጃን እርስ በርስ ማያያዝ ነበር፤ ቋንቋውም ርዕስን፣ አንቀጽን፣ ዝርዝርንና ሊንክን ለመግለጽ ተዘጋጀ። አንድ የብሎግ ጽሑፍ ከዚህ የበለጠ ብዙም አያስፈልገውም።

እኔ የመጀመሪያውን ጽሑፌን በአማርኛ አዘጋጅቼ ገጾችን ለአንባቢ በሚያቀርበው ኮምፒውተር፣ በሰርቨር ላይ ከጫንሁት በኋላ በብራውዘር ስከፍተው፣ በፊደሎቻችን ፋንታ ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ተደርድረው አገኘሁ። ኮዱን ደጋግሜ ባነብም ስህተቱ አልታይህ አለኝ፤ ምክንያቱም ችግሩ በጻፍሁት ውስጥ ሳይሆን ባልጻፍሁት አንድ መስመር ላይ ነበር። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም ፊደላት ሁሉ መለያ ቁጥር በሚያገኙበት መዝገብ፣ በዩኒኮድ ሥሪት 3.0 ውስጥ ቦታ አግኝቷል፤ እነዚህ ቁጥሮች በኮምፒውተር ውስጥ በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት፣ ማለትም ሦስት የማከማቻ ክፍል፣ ይይዛል። ገጹ በዩቲኤፍ-8 መጻፉን ስላልተናገርሁ፣ ብራውዘሩ እያንዳንዱን ባይት ለብቻው እንደ አንድ ምልክት ቆጥሮ «ሰ»ን ሦስት ቦታ ከፋፍሎታል። በፋይሉ አናት ላይ የገባች፣ የፊደሉን አጻጻፍ ለብራውዘሩ የምትናገር አንዲት የሜታ ታግ ሁሉን አስተካከለችው። ኮምፒውተር ፊደልን እንዴት እንደሚያስቀምጥ በእውነት የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ጽሑፎቼ አሥራ ሁለት ሲደርሱም ሌላ ትምህርት መጣ። በሜኑው ላይ አንድ ሊንክ ለመቀየር አሥራ ሁለቱንም ፋይሎች ከፍቼ ተመሳሳይ መስመር ማረም ነበረብኝ፤ አንዱን ዘልዬም ኖሮ ያ ገጽ ለሳምንታት ወደሌለ አድራሻ ሲመራ ቆየ። የጋራውን ክፍል አንድ ጊዜ ጽፎ በሁሉም ገጽ ላይ የሚያስገባ መሣሪያ ለምን እንደተፈጠረ ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። ፍሬምወርክን ከመጀመሪያው ቀን ያነሳ ተማሪ ትእዛዞቹን ያውቃቸዋል፤ የትኛውን ድካም እንደሚያቀሉለት ግን አያውቅም፤ ስለዚህም ሲበላሽበት ከየት እንደሚጀምር ይጨንቀዋል።

ገጽን የሚያንቀሳቅሰው የፕሮግራም ቋንቋ ጃቫስክሪፕት ይቆይ እላለሁ። ብዙዎች በዚህ አይስማሙም፤ ነገር ግን ለማንበብ ብቻ የተዘጋጀ ገጽ ያለ እርሱ በሚገባ ይሠራል፣ ቶሎም ይከፈታል። ከዚያ ይልቅ ጽሑፉ በስልክ ላይ እንዲነበብ የገጽን መልክ የሚወስነውን ሲኤስኤስን አጥብቃችሁ ተማሩ፤ ለውጦቻችሁንም ከመጀመሪያው ቀን ጊት በተባለው የፋይል ለውጥ መመዝገቢያ ፕሮግራም መዝግቡ፤ ትናንት የሚሠራውን ዛሬ ስታበላሹት ወደ ትናንቱ የሚመልሳችሁ እርሱ ነውና።

ዛሬ ማታ አንድ ባዶ ፋይል ክፈቱ። ርዕስና ሁለት አንቀጽ ጻፉበት፤ ሳታሳምሩትም ሰርቨር ላይ ጫኑትና አድራሻውን ለአንድ ወዳጃችሁ ላኩለት። የሚቀጥለውን ሥራ የሚነግራችሁ እርሱ ገጹን ከፍቶ የሚያጋጥመው ችግር ነው።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።