ራጅ ሳትነሱ አትታሹ፦ የአጥንት ሐኪሙ ለአድማጮች የሰጡት መልስ

ከደብረ ማርቆስ፦ በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ የተቀየረ ጉልበት ስንት ዓመት ያገለግላል?

ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት። ከዚያም በላይ የሚቆይ አለ።

ከዳንግላ፦ ዳሌዬን ተቀይሬ መስገድ እችላለሁ?

በመጀመሪያዎቹ ወራት አይሞክሩት፣ እናቴ። በጣም ማጎንበስና ቁጢጥ ማለት የተቀየረውን ዳሌ ሊያወልቀው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ይያዙ፤ ሲደክምዎ ይቀመጡ። የቀረውን ቀዶ ሕክምናውን የሠራልዎትን ሐኪም ይጠይቁ።

ከሞጣ፦ እናቴ 70 ዓመቷ ነው። ከወደቀች ሦስት ወሯ። ወጌሻው «ውልቃት ነው» ብሎ ዳሌዋን ያሻታል፤ መቆም ግን አልቻለችም። በዚህ ዕድሜዋ ሐኪም ቤት ብንወስዳት ይጠቅማታል?

ወንድሜ፣ ራጅ ተነስታለች? በየሳምንቱ የምለው ይሄንኑ ነው። ራጅ ሳትነሱ አትታሹ! በዕድሜ የገፋ ሰው ወድቆ መቆም ካቃተው፣ እግሩም አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የጭን አጥንት አንገት ስብራት ነው፤ ይህም ዳሌ ውስጥ ከሚገባው ክብ የአጥንቱ ራስ ሥር ያለው ቀጭን ቦታ ነው። እዚያ ጋ ሲሰበር ለአጥንቱ ራስ ደም የሚያደርሰው ሥርም ብዙ ጊዜ ይጎዳል። ደም ያጣ አጥንት ይሞታል። በመታሸት አይመለስም።

አንዲት እናት በቃሬዛ መጡልኝ። ቅቤ የጠጣ ጨርቅ ዳሌያቸው ላይ እንደታሰረ ነው። ስፈታው ከሥሩ ጀርባቸው በመተኛት ብዛት ቆስሏል። መጀመሪያ የታከመው ቁስሉ ነው፤ የዳሌው ቅየራ ወራት ጠበቀ።

ዕድሜ ብቻውን ቀዶ ሕክምናን አይከለክልም። ልብ፣ ስኳርና ደም ግፊት ይታያል። ወጪው ቀላል አይደለም፤ የሚተከለው ዕቃ ከውጭ ነው የሚገባው። ግን እውነቱን እንነጋገር። አባት ሲሆን በሬ ይሸጣል፤ እናት ስትሆን «እርጅና ነው» ይባላል። እኛም ሐኪሞች ከዚህ ነፃ አይደለንም። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ የካናዳ ጥናት፣ ተመሳሳይ የጉልበት ሕመም ያለባቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ለሐኪሞች ቀረቡ። ለወንዱ ቅየራ የመከሩት 67 በመቶ፣ ለሴቷ 33 በመቶ ብቻ ናቸው። ሕመሙ አንድ ነው!

ነገ ዛሬ ሳትል ራጅ አስነሳት። ከጤና ጣቢያ ሪፈር ይዛችሁ የአጥንት ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዷት።

ከፍኖተ ሰላም፦ ለጉልበቴ ሕመም ከፋርማሲ ዴክሳሜታዞን የሚባል ኪኒን እየገዛሁ ስወስድ ዓመት ሆነኝ። ልቀጥል?

አይሆንም፣ እህቴ። ይሄ መድኃኒት ራሱ የዳሌን አጥንት ሊገድል ይችላል። ግን ዓመት ከወሰድሽው በድንገትም አታቁሚው፤ አደጋ አለው። ኪኒኑን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። ጉልበትሽንም ራጅ ተነሺ።