የጳጉሜ 6 ወለድ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ስንብት ላይ ሰው ይመሰገናል፣ ጋቢ ይለብሳል፣ ይቀመጣል። ምስጋናችሁን ተቀብያለሁ፤ ጋቢውንም ለብሻለሁ። መቀመጡ ግን ትንሽ ይቆየኝ። የባንካችን አዲሱ ሲስተም ዕቅድ ውስጥ «ስቶርድ ፕሮሲጀሮች በሙሉ ይወገዳሉ» የሚል መስመር አይቻለሁና (መረጃው በሚቀመጥበት ዳታቤዝ ውስጥ ተጽፈው በስማቸው የሚጠሩትን ፕሮግራሞች ማለት ነው)፣ ሳልናገር ብወጣ ያንቀኛል።

የ2015ን ጳጉሜ አትረሷትም፤ 6 ቀን የነበረችዋን። አንዲት እናት መስከረም 1 ቀን 2015 መቶ ሺህ ብር በ7 በመቶ ለአንድ ዓመት አስቀምጠው ነበር። ዓመቱ ሞልቶ ሲመጡ ደንበኛ በሚስተናገድበት መስኮት ያለው ፕሮግራም 366 ቀን ቆጥሮ ለ365 አካፈለና 7,019 ብር ከ18 ሳንቲም ወለድ አሳየ። ስልካቸው ላይ ያለው መተግበሪያ 366ቱን ለ366 አካፍሎ 7,000 ብር አለ። የሒሳብ ክፍሉ ሪፖርትማ ጳጉሜን ጭራሽ አያውቃትም! 12ን በ30 አባዝቶ፣ 360 ቀን ብሎ፣ 6,904 ብር ከ11 ሳንቲም ጻፈላቸው። ሴትዮዋ ሦስቱንም አዩና «ልጄ፣ ገንዘቤ ያለው አንድ ቦታ ነው ወይስ ሦስት ቦታ?» አሉኝ።

ምን ልመልስላቸው? ሦስት ጎበዝ ልጆች ያንኑ ስሌት በሦስት ቋንቋ ጽፈውታል። ሁለቱ እዚህ አሉ፤ ይኸው እየሳቁ ነው። ያን ሌሊት ሒሳብ ክፍል ቀመሩን ወሰነ፣ እኛ ዳታቤዙ ውስጥ አንድ ፕሮሲጀር አድርገን ጻፍነው። ከዚያ ወዲህ መስኮቱም፣ ስልኩም፣ ሪፖርቱም የሒሳብ ቁጥርና ቀን ልከው መልሱን ይቀበላሉ እንጂ ራሳቸው አያሰሉም። ቀመሩ ሲቀየር አንድ ቦታ እናርማለን፤ ደንበኛን «እባክዎ መተግበሪያዎን ያዘምኑ» ብለን አንለምንም።

«የድሮ ነገር ነው» ትሉኛላችሁ። ታዲያ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በ2005፣ ፖስትግሬስ የተባለው ደግሞ በ11ኛው ቅጂው በ2018 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ፕሮሲጀርን የጨመሩት ለትዝታ ነው? የድሮማ የወለድ ስሌትም የድሮ ነው! ኮድ ዘመናዊ እንዲባል ብላችሁ የሰው ገንዘብ ላይ ሦስት መልስ አታምጡ! አንድ ደንበኛ፣ አንድ መልስ!

አመሰግናለሁ። ጭብጨባው ይበቃል፣ ገና አለ።

ፍጥነትን በተመለከተ፣ «ቀድሞ ስለተጠናቀረ ይፈጥናል» የሚለውን እኔም ትቼዋለሁ፤ ኦራክልም ኤስኪውኤል ሰርቨርም የተባሉት ዳታቤዞች የተራውን ኩዌሪ (የመረጃ ጥያቄ) ፕላን፣ ማለትም የአሠራር ዕቅዱን፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ያስቀምጣሉ። ትርፉ ምልልሱ ላይ ነው። በወር መጨረሻ ሚሊዮን መስመር በኔትወርክ አውጥቶ አስልቶ መመለስና እዚያው ማስላት አንድ አይደለም። ሌላው ፈቃድ ነው፤ ለመስኮቱ ፕሮግራም ፕሮሲጀሩን የማስኬድ ፈቃድ ብቻ ሰጥተን ሰንጠረዦቹን ዘግተናል። ኢንጀክሽንንም፣ ማለትም ተንኮለኛ በሚሞላው ጽሑፍ ውስጥ ትእዛዝ ሸሽጎ ማስገባቱን፣ ይከላከላል፤ ውስጡ ኤስኪውኤሉን (የዳታቤዙን ትእዛዝ) ከተጠቃሚው ጽሑፍ ጋር እየቀጠላችሁ ካልጻፋችሁት ማለቴ ነው።

ጥፋታችንንም አልደብቅም። ፕሮሲጀሮቹ ዳታቤዙ ላይ ብቻ ተቀምጠው ማን መቼ እንደነካቸው የማናውቅበት ዘመን ነበር። ከኦራክል ወደ ሌላ ዳታቤዝ መሄድም አብዛኛውን እንደገና መጻፍ ነው፤ ዕቅዱን ያወጣችሁት እዚህ ላይ ትረቱኛላችሁ።

አሁን ሁሉም ፋይል ከነመፈተሻው ጊት ላይ፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ በሚመዘግበው መሣሪያ ላይ፣ አለ። ጳጉሜ 6 የምትመለሰው በ2019 ነው። ስልክ ቁጥሬን አልቀይርም።