ፀሐይ ይችላል?

እየቀዳ ነው? እሺ። ያ የምታውቁት ጎረቤቴ ዛሬም ሚስማር እየመታ ነው፤ ቻሉት፣ እኔም ችዬዋለሁ።

ክር በእርድና በሽንኩርት ልጣጭ ማቅለም ላሰለጥን ከሄድኩበት ገጠር ከተመለስኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። «ስልጠናው እንዴት ነበር?» ስትሉኝ «አሪፍ» እያልኩ አለፍኩ። አሪፍም ነበር። ልጣጩን እንኳ እንዴት እንደሰበሰብኩት... ለግማሽ ኪሎ ክር ግማሽ ኪሎ የሽንኩርት ልጣጭ ነው የምይዘው፤ ያ ማለት ደግሞ ማዳበሪያ ሙሉ ነው። አትክልት ተራ ፒያሳ ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠዋት ይሞላልኝ ነበር፤ በ2012 ከዚያ ከተነሣ ወዲህ ግን አራት ኪሎ ያሉ የጉሊት እናቶችን ስለማመጥ ነው የምውለው። አንዷማ «ለምን በሽታ ነው?» ብላ... ተዉት።

ሁለተኛው ቀን ነው። እርድ አፍልተን ክሩን ነክረን አወጣን። አንዷ ልጅ እጇን በሳሙና ልትታጠብ ሄዳ ጮኸች፤ መዳፏ ቀልቷል። እርድ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲያገኘው ወደ ቢጫው ይመለሳል። ሎሚ ጨመቅኩላት። ቤቱ በሳቅ ሞላ፣ እኔም ጠንቋይ መሰልኩ፣ ደስ አለኝ።

ያኔ ነው ከኋላ የተቀመጡት እናት፣ እንዝርታቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ፣ ፀሐይ ይችላል?» ያሉኝ። ለልጃቸው ሠርግ የነጠላ ጥለት ሊያደርጉት ነው።

«ይችላል እማማ» አልኩ።

አይችልም። እርድ ፀሐይ ፊት አይቆምም፤ ለእናንተም እዚሁ ነግሬያችኋለሁ። ታዲያ ምን ነካኝ? ሃያ ሰው ስላየኝ? «ይለቃል» ማለት ምን ይከብዳል? እሳቸው ምንም አላሉም። ክሩን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት፣ ጠቀለሉት፣ መቀነታቸው ውስጥ ከተቱት። አምነውኝ ይሁን ታዝበውኝ... በመጀመሪያው ቀን ክሩን በዱቄት ሳሙና ሳጥብ «እንዶድ ጠፋ እንዴ?» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። እንዶድን ካነሣን፣ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ያዩት አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቁልቁል ነበር። ማየት የሚያውቅ ሰው... እኔ ግን ምን እያወራሁ ነው?

ምናልባት እያወቁ ነው የጠየቁኝ። ወይም እኔ ነኝ የማካብደው።

ከዚያው ክር ቁራጭ መስኮቴ ላይ አለ፤ ግማሹ መጽሐፍ ሥር ነበር። አሁን ሳነሣው፣ ሥር የነበረው እንዳለ ነው። ውጪ የቀረው ግን ውሃ የበዛበት አጥሚት መስሏል።

ስልካቸውን አልያዝኩም። ስልጠናው የነበረበት ትምህርት ቤት ደውዬ «እንዝርት የያዙት እናት» ብል፣ ግማሹ ክፍል ነው። ሠርጉ ጥር ላይ ነው ያሉኝ መሰለኝ... ወይስ ከፋሲካ በኋላ? የሽንኩርቱን፣ ቀለም ክር ላይ በሚያሲዘው በሽብ አድርጌ ብሰጣቸው እኮ ይሻል ነበር፤ እሱም ቢሆን ግን... ቆይ፣ በር እየተንኳኳ ነው። ሚስማር አልቆበት ይሆናል።